ወደ ሽፕሬቫልድ ከእናትና ከልጆች ጋር፦ የት ማደር፣ በምን ጀልባ መሄድ፣ በጾም ወቅት ምን መብላት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። ከፍራንክፈርት አካባቢ ተነሥተው፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁዎት የመጡትን የ71 ዓመት እናትዎን፣ ባለቤትዎንና የ9 እና የ13 ዓመት ልጆችዎን ይዘው በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ወደ ሽፕሬቫልድ ለመሄድ አስበዋል፤ ለጉዞው አራት ሌሊት አለዎት። በርሊን አርፎ ለአንድ ቀን ብቻ ደርሶ መመለስ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም በየትኛው መንደር ማደር እንደሚሻል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎ ጀልባ መሳፈር ይችሉ እንደሆነ፣ ባለቤትዎ ልጆቹን ይዘው ራሳቸው ሊቀዝፉ ማሰባቸው አደጋ ይኖረው እንደሆነ፣ በመጨረሻም በጾመ ፍልሰታ እናትዎ በዚያ ገጠር ምን እንደሚበሉ ጠይቀዋል።

የአንድ ቀን ጉዞ ይቻላል፣ ነገር ግን አልመክርዎትም። ከበርሊን የሚመጣው ሕዝብ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው፤ ጀልባ የሚሳፈረው፣ ምሳ የሚበላው፣ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚመለሰውም ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን የሄደ ሰው የሚያየው ወረፋውንና የሌሎች ጀልባዎችን ጀርባ ነው። የአካባቢው ውበት ያለው ማለዳ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሳይነሣ፣ ማታም ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያንን የሚያየው ደግሞ እዚያው ያደረ ብቻ ነው። አራቱንም ሌሊት እዚያው፣ በአንድ ማረፊያ እንዲያድሩ፣ ማረፊያውም ሉበናው ከተማ ውስጥ ወይም ከዳሯ እንዲሆን እመክራለሁ። ብዙ መመሪያዎች ቡርግ የምትባለውን መንደር ሲያስቀድሙ ያያሉና ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

ሽፕሬቫልድ ከበርሊን በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በብራንደንቡርግ ክፍለ ግዛት የሚገኝ ረግረጋማ ቆላ ነው። የሽፕሬ ወንዝ እዚህ ሲደርስ፣ መሬቱ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጀምሮ ዝርግና ተዳፋት የሌለው ስለሆነ፣ ፍጥነቱን ያጣና እጅግ ብዙ በሆኑ ጠባብ ቅርንጫፎች ይከፋፈላል። ሰዎች ደግሞ በዘመናት ውስጥ በእነዚህ ቅርንጫፎች መካከል ቦይ ቆፈሩ፣ ከፍ ባሉት ጉብታዎች ላይ ቤት ሠሩ፣ ረግረጉን አጠንፍፈው ሣርና አትክልት አበቀሉበት። ከቀድሞዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ስላቮች ይገኛሉ፤ ዘሮቻቸው የሆኑት ሶርቦች፣ ጀርመኖች ቬንድ እያሉ የሚጠሯቸው፣ ዛሬም በሕግ የታወቁ አናሳ ሕዝብ ስለሆኑ የመንደሮቹ ስም በየሰሌዳው በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ያገኙታል። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1990 ጥብቅ የተፈጥሮ ቀጣና ሆኖ ተከለለ፤ በ1991 ደግሞ ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዘገበው። ስፋቱ 475 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን የምነግርዎት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ከዚህ የመሬት አቀማመጥ ለዕቅድ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸውም እነርሱን ካለማወቅ ነው። አንደኛው፣ መንገዱ ከውሃው ጋር አብሮ አይሄድም። በካርታ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የሚታዩ ሁለት መንደሮች በመካከላቸው ጫካና ረግረግ ስላለ በመኪና ረጅም ዙሪያ መሄድ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው፣ ጀልባው መጓጓዣ አይደለም። ካን የሚባለው የአካባቢው ጠፍጣፋ ጀልባ ከአንድ ወደብ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ በአብዛኛው ወደዚያው ወደብ ይመለሳል። «ከሉበናው ወደ ቡርግ በጀልባ ሄደን እዚያ እናድራለን» ብለው የሚያቅዱ ቤተሰቦች ሻንጣ ይዘው ወደብ ላይ የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማደሪያን የሚመርጥ ሰው መጠየቅ ያለበት «የትኛው መንደር ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «ከዚህ ማረፊያ ወደ ጀልባው፣ ወደ ምግቡና ወደ ባቡሩ በእግር መድረስ ይቻላል?» ብሎ ነው።

ቡርግ በእርግጥ ውብ ናት። ቤቶቿ በሰፊ መስክ ላይ ተበታትነው፣ እያንዳንዱ በራሱ ዛፍና በራሱ ቦይ ተከቦ የቆመ ነው፤ የፍል ውኃ መታጠቢያም አላት። ችግሩ ያው መበታተኗ ነው። አንዱን ቤት ተከራይተው ዳቦ ለመግዛት ብስክሌት ወይም መኪና ሊያስፈልግዎ ይችላል። የባቡር ጣቢያም የላትም፤ ቅርቡ ፌትሻው ሲሆን ከዚያም ሌላ መጓጓዣ ይጠብቅዎታል። ብስክሌት ለሚወዱ ሁለት ጎልማሶች ከቡርግ የተሻለ ቦታ የለም፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና ለሁለት ልጆች ግን በየቀኑ የጉዞ ጣጣ ያመጣል። ሉበን፣ ከሉበናው የተለየች ሌላ ከተማ፣ ጣቢያ ያላት፣ ከተማነቷ የሚጎላ፣ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ደሴት መናፈሻ ያላት ጥሩ ቦታ ናት፤ ስመ ጥሩው የመዝሙር ደራሲ ፓውል ጌርሃርት ከ1669 እስከ ዕለተ ሞቱ 1676 ድረስ ያገለገለባትና የተቀበረባት ቤተ ክርስቲያንም መሐል አደባባዩ ላይ አለች። ሽሌፕትሲግ በሰሜን በኩል ባለው በታችኛው ሽፕሬቫልድ የምትገኝ ጸጥተኛ መንደር ስትሆን፣ ሰው የማይበዛበት ጫካ ለሚፈልግ እመርጣታለሁ፤ ያለ መኪና ግን አስቸጋሪ ናት።

ሉበናው ከጣቢያዋ እስከ ትልቁ የጀልባ ወደብ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ መንገዱም ደልዳላ ነው። ከወደቡ አጠገብ ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤትና የኪያር መሸጫ ድንኳኖች አሉ። ከሁሉ በላይ ሌደ የምትባለው የደሴት መንደር ከዚያ በእግር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ቀን ሉበናው ትጨናነቃለች የሚለው ወቀሳ እውነት ነው፤ መጨናነቁ ግን ወደቡ ዙሪያና ከረፋድ እስከ ማምሻ ነው፤ ለሚያድር ሰው ያን ያህል አይከብድም። የምመክርዎት ከሆቴል ይልቅ ወጥ ቤት ያለው የበዓል ቤት፣ ጀርመኖች ፌሪየንቮኑንግ የሚሉትን፣ ምድር ቤት ላይ የሆነ እንዲከራዩ ነው። ምድር ቤት የምለው ለእናትዎ ጉልበት ነው፤ የድሮ ቤቶች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ወጥ ቤት የምለው ደግሞ ለጾሙ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ማረፊያውን ሲይዙ ከኪራዩ ሌላ የእንግዳ ክፍያ የሚባል አነስተኛ ገንዘብ በየሌሊቱ ሊታከል እንደሚችል ይወቁ፤ በምትኩ በሚሰጥዎት ካርድ በአንዳንድ ቦታዎች ቅናሽ ያገኛሉ።

ስለ መንገዱ። በመኪና ከፍራንክፈርት በድሬስደን በኩል ወደ 550 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኦገስት የሥራ ዕረፍት ሰሞን ከእናትዎ ጋር ይህን በአንድ ቀን መንዳት አይመቸኝም። በፈጣኑ ባቡር እስከ በርሊን ከአራት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ፣ ከበርሊን ደግሞ ወደ ኮትቡስ በሚሄደው ኤርኤ 2 በሚባለው የክልል ባቡር እስከ ሉበናው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለዚህ ለሁለተኛው ክፍል የብራንደንቡርግ–በርሊን የቀን ቲኬት የሚባለው እስከ አምስት ሰው በአንድነት የሚያስኬድ ስለሆነ ለእናንተ ልክ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ (በጀርመን አቆጣጠር ከ9 ሰዓት በኋላ) ነው የሚሠራው። ዶይችላንድቲኬት የሚባለው በመላ አገሪቱ በክልል ባቡሮች የሚሠራ የወር ቲኬት ያለው ሰው በዚህ ባቡር ይሳፈርበታል፤ በፈጣኑ ባቡር ግን አይሠራም። የመነሻ ቀናችሁን መምረጥ ከቻሉ እሑድ ይሁን፣ መመለሻው ሐሙስ። እሑድ አመሻሹ ላይ ሲደርሱ የቀን ጎብኚው እየወጣ ነው፤ የሳምንቱ መጨረሻ ግርግርም አይገጥማችሁም። እሑድ በጀርመን ሱቅ ዝግ ስለሆነ የመጀመሪያውን እራትና የሰኞ ቁርስ ይዘው መሄድን አይርሱ።

አሁን ወደ ጀልባው። ካን ሞተር የሌለው፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከታች ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ነው። ቀድሞ ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ባለጀልባው ከኋላ ቆሞ አራት ሜትር ያህል በሆነ የእንጨት ዘንግ የውሃውን ወለል እየገፋ ይነዳዋል፤ ሲነዳም ስለ ቤቱ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳይቀር ይተርካል። እናትዎ ጀርመንኛ ስለማይሰሙ አጠገባቸው ተቀምጠው ይተርጉሙላቸው፤ ጨዋታውን ካጡት ግማሹን ጉዞ ያጣሉ። ተሳፋሪዎች ጠረጴዛ መሐላቸው አድርገው በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጀልባው ሰፊና ከባድ ስለሆነ አይንገጫገጭም፤ ውሃ የሚፈሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጥቂት ደቂቃ ከተጓዙ በኋላ ይረጋጋሉ።

ለጉልበት የሚከብደው አንዱ ነገር መሳፈሪያው ነው። ከወደቡ ጠርዝ ወደ ጀልባው ወለል አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ባለጀልባዎቹ ክንድ ይዘው ማውረድ የለመዱት ሥራ ስለሆነ እናትዎ ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ መጨረሻ ላይ ከመውረድ ይልቅ መጀመሪያ ገብተው በዳር በኩል ቢቀመጡ ይሻላል። አንዳንድ ወደቦች ለተሽከርካሪ ወንበር የተዘጋጀ መሳፈሪያ ስላላቸው፣ ሕመሙ የበረታ ከሆነ አንድ ቀን ቀድመው ደውለው ይያዙ። ሁለተኛው ሊያስቡበት የሚገባው ጀልባው ላይ መጸዳጃ አለመኖሩ ነው። በዚህ ምክንያት እናትዎን የአምስት ወይም የስምንት ሰዓት ጉዞ አያሳፍሯቸው። ከሉበናው ወደ ሌደ ደርሶ መልሱ፣ ሌደ ላይ የዕረፍት ጊዜ ያለው ጉዞ፣ ሦስት ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን ለእርሳቸው ልክ ነው። ለትናንሽ ቡድኖች በትልቁ ወደብ በአብዛኛው ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ጀልባው ሲሞላ ይነሣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከደረሱ ወረፋ አይገጥማችሁም። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ነጠላና ሹራብም ይያዙላቸው፤ ከጥላው ሥር ውሃው ላይ በኦገስትም ይበርዳል።

ሌደን በተመለከተ ጊዜ ሰጥተው እንዲያዩአት አጥብቄ እመክራለሁ። ለዘመናት ወደ እያንዳንዱ ቤት መግቢያው ውሃ ነበር፤ ሐኪሙም፣ ሙሽራውም፣ ሬሳውም በጀልባ ነው የሚሄደው። ዛሬ የእግር መንገድና ድልድይ አላት፤ ፖስታው ግን ከ1897 ጀምሮ እንደተለመደው በሞቃቱ ወራት አሁንም በቢጫ ጀልባ ይታደላል፤ ማለዳ ከሄዱ ልጆቹ ፖስታ አዳዩን በዘንግ ሲገፋ ሊያዩ ይችላሉ። ክፍት ቤተ መዘክሩ ውስጥ ከየመንደሩ ተነቅለው የመጡ የግንድ ቤቶች፣ የሶርቦች ልብሶች፣ የጀልባ መሥሪያ ቦታም አሉ። በገጠር ያደጉ እናት እዚህ ከልጅ ልጆቻቸው ይልቅ ብዙ የሚያውቁት ነገር ያገኛሉ፤ ማጭዱን፣ ወፍጮውን፣ በምሰሶ ዙሪያ የተከመረውን ድርቆሽ ምን እንደሆነ ለልጆቹ የሚያስረዱት እርሳቸው ይሆናሉ። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ጉዞውን ከእናትዎ ጋር ማድረግዎ ትክክል ነው እላለሁ።

ባለቤትዎ መቅዘፍ መፈለጋቸውንም እደግፋለሁ፣ ነገር ግን ከእናትዎ ጉዞ የተለየ ቀን ይሁን። የሚከራዩት ካያክ ወይም ካኑ ነው፤ ለአንድ ጎልማሳና ለሁለት ልጆች የሦስት ሰው ካኑ ይሻላል። ውሃው ዝግተኛ ነው፤ አብዛኛው ቦይም ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። ይህ ግን መዋኘት ለማይችል ልጅ ዋስትና አይሆንም፤ ወለሉ ጭቃ ነው፤ ዳሩም ብዙ ቦታ በእንጨት የተደገፈ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይዞ መውጣት ያዳግታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከአከራዩ ይጠይቁና ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት ይልበሱት፤ ሞቀኝ ብለው እንዲያወልቁ አይፍቀዱ። በውሃው ላይ በቀኝ በኩል መሄድ ደንብ ነው፤ ካን ሲመጣ ዳር ይዞ ማሳለፍም ግዴታ ነው፤ ሰው የጫነው ጀልባ በቶሎ መቆም አይችልም።

የውሃው ከፍታ ከቦይ ቦይ ስለሚለያይ ሽሎይዘ በሚባሉት የውሃ በሮች ማለፍ ይመጣል። ለልጆች ከሁሉ የሚያስደስተው ይህ ሲሆን አደጋ ሊያመጣ የሚችለውም ይኸው ነው። አንዱ ሰው ከጀልባው ወርዶ በሩን በእጅ ይከፍታል፣ ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ ውሃው እስኪስተካከል ተጠብቆ የፊተኛው ይከፈታል። የ13 ዓመቱ ልጅ በአባቱ ዓይን ሥር ሊሠራው ይችላል፤ የ9 ዓመቱ ግን ጀልባው ውስጥ ይቀመጥ፤ በሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ግፊት ትንሽ ጀልባ ያናውጣል። በሰሌዳ የተከለከሉ ቦዮች አሉ፤ እነዚህ የጥብቅ ቀጣናው እምብርት ስለሆኑ አይገባባቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ዙር ከሉበናው ተነሥቶ በሌደ በኩል ላይፐ ወደምትባለው መንደር፣ ከላይፐ በሌላ ቦይ መመለስ ነው፤ ከልጆች ጋር ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጃልና ስንቅ ይያዙ። በካርታው ላይ ወፍራምና ቀጥ ብለው የሚታዩት፣ ኖርድኡምፍሉተርና ዙድኡምፍሉተር የሚባሉት፣ ጎርፍ ለማሳለፍ የተቆፈሩ ቦዮች ናቸውና ለሽርሽር አይምረጧቸው፤ ጥላ የለባቸውም፣ የሚታይም ብዙ የለም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም ከኦገስት 7፣ ጀምሮ እስከ ኦገስት 21 ስለሚዘልቅ ጉዟችሁ ሙሉ በሙሉ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ብዙ ሰው የጀርመን ገጠር ሲባል ሥጋና ቅቤ ብቻ ይመስለዋል። ሽፕሬቫልድ ግን በዚህ ረገድ ልዩ ነው፤ ዕለታዊ ምግቡ በቅርፊቱ የተቀቀለ ድንች በተልባ ዘይት ነው። ከጎኑ ክቫርክ የሚባል እርጎ መሰል አይብ ይቀርባል፤ እርሱን አስቀርተው በምትኩ ሽንኩርትና ኪያር ቢያስጨምሩ የተሟላ የጾም ማዕድ ይሆናል። ተልባን በፍትፍትና በመጠጥ ለሚያውቁ እናት ሽታው እንግዳ አይሆንም። ዘይቱ ተልባው ተፈጭቶ፣ ሞቅ ተደርጎ፣ ተጨምቆ የሚወጣ ነው፤ በሽትራውፒትስ መንደር አንድ የነፋስ ወፍጮ እህል ሲፈጭ፣ እንጨት ሲሰነጥቅና ዘይት ሲጨምቅ ማየት ይቻላል። መኪና ካላችሁ ከሉበናው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ በባቡር ከመጣችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ አትቸገሩ፤ ዘይቱ ወደቡ አጠገብም ይሸጣል። ትንሹን ጠርሙስ ይግዙ፤ የተልባ ዘይት ከተከፈተ ቶሎ ይመርራል፤ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ኪያሩም የጾም ነው። የሽፕሬቫልድ ኪያር ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ከ1999 ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ስም ለመሸጥ ቢያንስ 70 በመቶው ኪያር ከዚሁ አካባቢ መምጣት አለበት። በኦገስት ለቀማው ገና አላበቃም፤ ክንፍ በሚመስል ሰፊ ጋሪ ላይ ሠራተኞች በሆዳቸው ተኝተው ኪያር ሲለቅሙ በየማሳው ሊያዩ ይችላሉ። ሥራው እጅግ አድካሚ ነውና ልጆቹ የማሰሮው ኪያር ከየት እንደሚመጣ ቢያዩ መልካም ነው። በጨው ውሃ የቦካው ለእኛ ምላስ ይስማማል፤ በኮምጣጤ የተዘጋጀው አብዛኛው ጣፋጭ ነው።

መጠንቀቅ ያለብዎት በስማቸው የጾም በሚመስሉት ነው። የተጠበሰ ድንች በአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይጠበሳል፤ ጎመኑ በስብ ይበስላል፤ የኪያር ሾርባው ክሬም አለበት፤ ፕሊንዘ የሚባለው ቂጣ እንቁላልና ወተት አለው። «ሥጋ የለበትም ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ቅቤና ወተትም እንደሌለበት ይጠይቁ፤ ዓሣም የአካባቢው ኩራት ስለሆነ እናትዎ በጾም እንደማይበሉ አስቀድመው ይናገሩ። ሰዓቱም አለ። እናትዎ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ያ ሰዓት ብዙ የገጠር ወጥ ቤት በምሳና በእራት መካከል የሚዘጋበት ነው፤ ማታም ከ2 ሰዓት በኋላ ትኩስ ምግብ ማግኘት ያስቸግራል። ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይያዙ፤ ድንቹ፣ ዘይቱና ኪያሩ እዚያው ይገኛል። የጀልባውን ጉዞ ጠዋት አድርገው 9 ሰዓት ላይ ቤት ብትደርሱ ጾሙና ሽርሽሩ አይጋጩም። ሙቀቱ ከበረታ ግን በ71 ዓመት ዕድሜ ውሃ ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ መዋል አደጋ አለው፤ በዚህ ላይ ከንስሐ አባታቸው ጋር ከመነሣታችሁ በፊት ይነጋገሩ።

የመረጡት ሳምንት የጸጋውን ያህል እንከንም አለው። የትንኙ ብርታት ካለፈው ወር ይቀንሳል፣ ግን አመሻሹ ላይ አይጠፋም፤ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። በሣሩ ውስጥ መዥገር ስላለ ማታ ማታ የልጆቹን ጉልበት መታጠፊያ፣ ብብትና ጸጉር ሥር ይፈትሹ። ከየጣራው ላይ የሚታዩት ሽመላዎች በዚያ ሳምንት ጉዞ ለመጀመር እየተሰባሰቡ ይሆናሉ፤ በምሥራቅ አውሮፓ የሚራቡት ሽመላዎች በቦስፎረስና በዓባይ ሸለቆ አድርገው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርዱ፣ በእኛም አገር ሜዳ ላይ የሚታዩት ናቸውና ለልጆቹ ይንገሯቸው። ወደፊት በሌላ ጊዜ ለመሄድ ካሰቡ የዕርገትን በዓል፣ ጀርመኖች የአባቶች ቀን የሚሉትን ሐሙስ፣ ያስወግዱ፤ ያን ዕለት ጀልባው ሁሉ በሚጠጡ ወንዶች ይሞላል።

አንድ ቀን ዝናብ ቢሆን ካን መሄዱን አያቋርጥም፤ ብርድ ልብስና ጃንጥላ ይሰጣሉ። እናትዎ ካልፈለጉ ግን በቀጣዩ ጣቢያ ራዱሽ አጠገብ የዘጠነኛውና የአሥረኛው ክፍለ ዘመን የስላቮች ክብ ምሽግ እንደገና ተሠርቶ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ ከጣቢያው ትንሽ ስለሚርቅ ታክሲ አስቀድመው ይዘዙ።

ስለ ውሃው ራሱም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በደረቅ በጋ የሽፕሬ ውሃ ይቀንሳል፤ በዚያ ጊዜ አንዳንድ የውሃ በሮች ሊዘጉ ወይም የሚከፈቱበት ጊዜ ሊገደብ ይችላል። ወደ ላይኛው ተፋሰስ ባሉት የከሰል ድንጋይ ማውጫዎች ከርሰ ምድሩን ለማድረቅ የሚቀዳው ውሃ ለረጅም ጊዜ ወደ ወንዙ ሲለቀቅ ኖሯል፤ ጀርመን በሕግ እስከ 2038 ከሰል ማቃጠል ስታቆም ያ ውሃ ስለሚቀር የአካባቢው ሰው ስለ ነገው ከልቡ ይጨነቃል። በአንዳንድ ቦይ የሚያዩት ዝገት መሰል ቡናማ ቀለምም ከዚያው ማዕድን ማውጫ የሚመጣ ብረት ነው። ባለጀልባውን ስለዚህ ጉዳይ ቢጠይቁት ከተለመደው ተረት ይልቅ ቁም ነገር ይነግርዎታል።

አሁን መሥራት ያለብዎት በቅደም ተከተል ነው። ዛሬውኑ ማረፊያውን ይያዙ፤ በኦገስት ምድር ቤት ላይ ያለ፣ ለአምስት ሰው የሚሆን ቤት ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ሲይዙ ከወደቡ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነና መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ የፈጣኑን ባቡር ቲኬት ይቁረጡ፤ የክልሉ ባቡር ቲኬት ዋጋው ስለማይለወጥ ዕለቱን ይገዛል። ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት ለካኑ አከራዩ ደውለው የውሃውን ከፍታ፣ የተዘጉ የውሃ በሮች መኖራቸውንና በልጆቹ ክብደት ልክ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ያረጋግጡ። ሰኞን ለካንና ለሌደ፣ ማክሰኞን ለዕረፍትና ለከተማዋ፣ ረቡዕን ለባለቤትዎና ለልጆቹ ካኑ ይስጡ፤ ረቡዕ ዝናብ ከሆነ ከማክሰኞ ጋር ይቀያየራል። የእናትዎን የካን ጉዞ ግን ከሰኞ አያሳልፉት፤ ወደውት ደግመው ልሂድ ካሉ ሁለት ቀን ይተርፍልዎታል።